እንጆሪና ዱባ በአንድ ጓሮ፦ ለደሴ አየር ይስማማል ወይ?

የሆጤ ጓሮ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። ከቤታችን ጀርባ ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የምትሆን ጓሮ አለችን፤ ቤቱ በሰሜኗ፣ የሽቦ አጥሩ በምዕራቧ በኩል ሲሆን በሌላው ጎኗ ክፍት ናት። በመስከረም መጨረሻ የምሥራቁን ግማሽ ከአዲስ አበባ ባስመጣኋቸው የእንጆሪ ችግኞች ሸፈንኩት፤ በየጭማቂ ቤቱ ስትሮቤሪ የሚባለውን ማለቴ ነው። ችግኞቹ ደህና ይዘው፣ ከጥር ወዲህ ቀይ ፍሬ መልቀም ጀምረናል።

አሁን ቤተ ሰቡን ያከራከረው የዱባው ጉዳይ ነው። አብረውን የሚኖሩት አማቴ ለዓመታት በዚያው ቦታ ዱባ ሲተክሉ የኖሩ ስለሆነ፣ የበልጉ ዝናብ ጠብ እንዳለ ዘሩን በእንጆሪው መደብ መሐል፣ በቀድሞው የዱባ ጉድጓድ ሊቀብሩት ተዘጋጅተዋል። “ዱባ ፍግና አመድ ካገኘ ሌላ ምን ይፈልጋል?” ባይ ናቸው። እኔም ቃላቸውን መግፋት አልወድም፤ ደግሞም ጓሮዋ ሁለቱንም ብታበላን ደስታዬ ነው። የምሰጋው የዱባው ቅጠል እንጆሪውን ውጦ እንዳያስቀረው ነው፤ ባለፈው ክረምት ሐረጉ አጥሩን አልፎ የጎረቤት ጣሪያ ላይ ወጥቶ ነበርና። ከዚህም ሌላ፣ ዱባችን ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነጭ ሻጋታ ይለብሳል፤ ይህ ሻጋታ ወደ እንጆሪው ይተላለፍ እንደሆነ ማወቅ እሻለሁ። ሁለቱን አጎራብታችሁ የምታለሙ ካላችሁ፣ ስለ ርቀቱ፣ ስለ መትከያው ወቅትና ስለ ማዳበሪያው ብታብራሩልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።


የሳላይሽ አትክልተኛ፦

ሁለቱን በአንድ ጓሮ ማልማት ይቻላል፤ ዱባውን በእንጆሪው መሐል መትከል ግን አይበጅዎትም። የእንጆሪ ሥር አብዛኛው ከላይኛው 15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ስለማያልፍ፣ ውሃውንም ምግቡንም የሚስበው ከዚያችው ስስ ንጣፍ ነው። ዱባም ዋና ሥሩ ወደ ታች ቢዘልቅ እንኳ፣ የጎን ሥሮቹ ከአፈሩ ገጽ ሳይርቁ ዙሪያውን ይሰራጫሉ፤ ሐረጉም መሬት በነካበት አንጓ ሁሉ አዲስ ሥር እየሰደደ የተኛበትን ቦታ ይይዛል። በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት በተደረደሩ እንጆሪዎች መሐል እንዲህ ያለ ተክል ሲገባ፣ ውሃውን ማን ቀድሞ እንደሚጠጣው መገመት አያዳግትም።

ከሥሩ ይልቅ ደሴ ላይ የሚከፋው ግን ጥላው ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ እስከ ረፋድ የማይገፈፍባት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጦሳ ተራራ ፀሐይዋን ቀድሞ የሚጋርድባት ናት። እንጆሪ ጣዕም ያለው ፍሬ እንዲሰጥ በቀን ቢያንስ የ6 ሰዓት ፀሐይ ይሻል። ክረምት ላይ የሰማዩ ብርሃን ራሱ አልበቃ ብሎት ሳለ፣ ሰፌድ የሚያህል የዱባ ቅጠል ሲከደንበት፣ ከሥር የሚታፈነው እርጥበት ፍሬውን ያበሰብሰዋል። ነሐሴ ላይ የዱባውን ቅጠል ገልጦ ከሥሩ ያለውን እንጆሪ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ፍሬው ቀልቶ ሳይጨርስ በአንድ ጎኑ ይለሰልስና ግራጫ ጠጉር የመሰለ ነገር ያበቅላል፤ ጣት ሲነካውም ይቦንናል።

ስለዚህ ዱባውን ወደ ምዕራቡ የሽቦ አጥር ይውሰዱት። ከእንጆሪው መደብ ጫፍ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ አጥሩ ሥር ይተከልና፣ ሐረጉ ሽቦውን ይዞ እንዲወጣ ገና በለጋነቱ ይምሩት። ምዕራብ ማለቴ በዘፈቀደ አይደለም። በውጭ አገር የተጻፉ የጓሮ አትክልት መጻሕፍት ረጅሙን ተክል በሰሜን በኩል ትከሉ ይላሉ፤ ይህ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ለሚያልፍባቸው አገሮች የተጻፈ ምክር ነው። እኛ ዘንድ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በአናታችን ላይ ወይም ትንሽ ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ ስለምታልፍ፣ በዱባው ወቅት ሰሜንና ደቡቡ ብዙ ለውጥ አያመጣም፤ ለውጥ የሚያመጣው ምሥራቅና ምዕራቡ ነው። ዱባው በምዕራብ ከቆመ እንጆሪው የጧቷን ፀሐይ ሳይጎድልበት ያገኛል፣ ጤዛውም ቶሎ ይደርቅለታል፤ የሚቀርበት ጦሳ ሊወስድበት የነበረው የማታ ብርሃን ብቻ ነው። ሐረጉ ወደ መደቡ ልመለስ ሲል ጫፉን ሳይሳሱ ይቁረጡት። አጥሩ ላይ የተንጠለጠለው ፍሬ ሲከብድ ደግሞ፣ በአሮጌ ጆንያ ቁራጭ አዝለው ከሽቦው ጋር ቢያስሩት ሐረጉ አይገነጠልም።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ሁለቱ ተክሎች ደሴ ላይ የሚፋፉበት ጊዜ የተለያየ መሆኑ ለእርስዎ ይመችዎታል። እንደ ካማሮሳና ቻንድለር ያሉት የእንጆሪ ዝርያዎች የአበባ እንቡጥ የሚይዙት ቀኑ ሲያጥር ወይም አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው። በአውሮፓ በጋ ላይ ቀኑ እጅግ ስለሚረዝም፣ እነዚህ ዝርያዎች እዚያ የሚያፈሩት በዓመት አንድ ወቅት ነው። ደሴ ላይ ግን የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ባለው መሐል ስለሚቆይ፣ ቅዝቃዜውም ስለማይጠፋ፣ አበባቸው ብዙም አይቋረጥም። ሆኖም ለቅርጫት የሚበቃው ፍሬ የሚገኘው ዝናብ በማይኖርበት በበጋው ነው፤ ክረምት ላይ የሚወጣውን ፍሬ ሻጋታውና ቀንድ አውጣው ይቀራመቱታል። ዱባ በአንጻሩ ውርጭ በነካው ሌሊት ጠቁሮ ያድራል፤ ስለዚህ ኅዳር ሳይገባ ምርቱ ተሰብስቦ ማለቅ አለበት። በሚያዝያ የተዘራ ዱባ 4 ወር ገደማ ስለሚፈጅበት፣ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ይቆረጣል፤ ያኔ ደግሞ እንጆሪው ለዋናው አበባው መዘጋጀት የሚጀምርበት ጊዜ ነው።

አሁን በየካቲት የደሴ አፈር ለዱባ ዘር ገና ቀዝቃዛ ነው። ከ15 ዲግሪ በታች በሆነ አፈር ውስጥ ዘሩ ከመብቀል ይልቅ ይበሰብሳል። አማትዎ ከቸኮሉ፣ ዘሩን በአፈር በተሞላ የፕላስቲክ ከረጢት አድርገው ማድ ቤት ውስጥ ሙቀት ባለበት ያስበቅሉትና፣ ሁለት ሦስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ሥሩ ሳይበተን ከነአፈሩ ያዛውሩት፤ የዱባ ችግኝ ሥሩ ሲነካካ ይቀየማል። ምርቱ ሲያልቅም ግንዱን ከመሬቱ ወለል ላይ መቁረጥ እንጂ መንቀል አያስፈልግም፤ ሲነቀል የጎረቤቱን ሥር ይዞ ይነሣል፤ ተቆርጦ የቀረው ግን እዚያው ይበሰብሳል።


ኮምቦልቻ፣ የዝኩኒ ወዳጅ፦

የሳላይሹ ወንድማችን የጻፉት ሁሉ ለደሴ የሚሠራ ነው። እኛ ግን የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን፣ ከደሴ በ25 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምንገኝ፣ ጥላን እንደ ጠላት ለማየት አንቸኩልም። ይህን የምጽፈው ኮምቦልቻ ሆኖ ጥያቄውን የሚያነብ ሰው የደሴውን ምክር እንዳለ እንዳይወስደው ብዬ ነው።

እዚህ ግንቦትና ሰኔ ላይ የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ፣ እንጆሪው አበባ ማውጣቱን ይተውና ከእናቲቱ ተክል የሚወጡትን ቀጫጭን ሐረጎች ማብዛት ይጀምራል። ያለው ፍሬም ትንሽ ሆኖ ሳይጣፍጥ ይቀላል። በእኔ ጓሮ ከእንጆሪው መደብ በስተምዕራብ፣ በአንድ ሜትር ርቀት፣ ሐረግ የማይዘረጋውን ዝኩኒ ደርድሬያለሁ። ከ9 ሰዓት በኋላ የምትመጣዋን የምታቃጥል ፀሐይ የዝኩኒው ቅጠል ይሰብራታል፤ አፈሩም እንደ ድሮው ቶሎ አይደርቅም። ዝኩኒ ከተዘራ በሁለት ወር ገደማ ለምግብ ስለሚደርስ፣ ክረምቱ ሲከብድ ቆርጬ አነሣዋለሁ፤ ጥላው የሚጎዳበት ጊዜ ሲመጣ ተክሉ የለም ማለት ነው። እንዲያውም ቦታ ለጠበበው የደሴ ሰውም ዝኩኒው ሳይሻል አይቀርም ባይ ነኝ፤ አማትዎ ግን ለዱባ ወጥ አይሆንም ብለው እንደሚቃወሙ ይታየኛል፤ እውነታቸውንም ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ከጥላው ይልቅ የሚያስቸግረው አፈሩ ነው። ሜዳው ላይ ያለው ጥቁር ዋልካ ክረምት ውሃ ያቁራል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ እንጆሪ ሁለቱንም አይችልም። መደቡን ከመሬቱ ወለል 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ፣ ከበሰበሰ ፍግና ከአሸዋማ አፈር ጋር ቀላቅሎ መሥራት ግድ ነው። ችግኙ ሲተከል ቅጠሎቹ የሚወጡበት እምብርቱ ከአፈሩ ገጽ ጋር እኩል ይሁን፤ ከተቀበረ ይበሰብሳል፣ ሥሩ ከላይ ከታየ ይደርቃል። ዱባና ዝኩኒ ስለዚህ ነገር ደንታ የላቸውም፤ መደቡን የምትሠሩት ለእንጆሪው ነው።

የመስኖውን ውሃም ላንሣ። የቦርከና ወንዝ የከተማ ፍሳሽ ስለሚቀላቀልበት፣ ለዱባ የሚያጠጡት ሰዎች “ይቀቀል የለም ወይ” ይላሉ። እንጆሪ ግን መሬት ላይ ተጋድሞ የሚበስልና በጥሬው የሚበላ ፍሬ ስለሆነ፣ ይህ ምክንያት ለእርሱ አያገለግልም።


የሆጤ ጓሮ (ጠያቂ)፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጽሑፉን ለአማቴ አነበብኩላቸው። አጥሩ ሥር መትከሉን ተስማምተዋል፤ ዝኩኒው ግን፣ እንደተባለው፣ ተቀባይነት አላገኘም። አሁን የቀረው አመዱ ነው። የምድጃውን አመድ ለዱባው ጉድጓድ ብቻ ሳይሆን “ትል ያባርራል” በማለት በእንጆሪው መደብ ላይም በየሳምንቱ ይበትኑታል። በቅርቡ የአንዳንዱ እንጆሪ አዳዲስ ቅጠል ቢጫ እየሆነ መጥቷል፤ የቅጠሉ ጅማት አረንጓዴ እንደሆነ ነው፤ በጅማቶቹ መሐል ያለው ግን ወደ ነጭነት እየሄደ ነው። በሽታ ይሆን ወይስ ከአመዱ ነው? የነጩ ሻጋታ ጥያቄዬም አልተመለሰልኝም።


ሰብል ጥበቃ፦

የገለጹት የቅጠል ቢጫነት በሽታ አይመስልም፤ የብረት ማዕድን እጥረት የሚታይበት የተለመደ ምልክት ነው። እጥረት ሲባል ብረት በአፈሩ ውስጥ የለም ማለት አይደለም። እንጆሪ በትንሹ አሲዳማ የሆነ፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ አሲዱ ሲቀንስ ቁጥሩ ከፍ ይላል) ከ5.5 እስከ 6.5 የሚደርስ አፈር ይስማማዋል። የእንጨት አመድ የአፈርን አሲድነት የሚቀንስ ስለሆነ፣ እየተደጋገመ ሲበተን ፒኤቹ ከፍ ይልና፣ በአፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ሥሩ ሊስበው በማይችል መልክ ይታሰራል። አዲሱ ቅጠል አስቀድሞ የሚነጣውም ብረት በተክሉ ውስጥ ከአሮጌው ቅጠል ወደ አዲሱ እንደልቡ ስለማይዘዋወር ነው። ስለዚህ በእንጆሪው መደብ ላይ አመድ መበተኑ ይቁም፤ የተበተነው ከላይ ከታየ ተጠርጎ ይነሣና የበሰበሰ ኮምፖስት ይጨመርበት። ለውጡን በአዲስ በሚወጡት ቅጠሎች ላይ ይጠብቁ፤ የነጣው አሮጌ ቅጠል መልሶ አረንጓዴ ላይሆን ይችላል። ለዱባው ጉድጓድ አንድ ሁለት እፍኝ አመድ ክፉ አይደለም፤ አመድ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ይጠቅመዋልና። አማትዎ በዱባው በኩል ያሉት ነገር መሠረት አለው።

ፍጉንም እንዲሁ ይለዩት። ዱባ ምግብ የሚወድ ተክል ስለሆነ ጉድጓዱ በፍግ ቢሞላ ደስ ይለዋል። እንጆሪ ግን ናይትሮጅን ሲበዛበት ቅጠሉን ያበዛል፣ ፍሬውም ለስላሳና ለሻጋታ የተጋለጠ ይሆናል። ትኩስ እበትም ሆነ በጠጥ በእንጆሪ መደብ ላይ አይደረግ፤ ፍሬው መሬት ስለሚነካና በጥሬው ስለሚበላ፣ ያልበሰበሰ ፍግ ከለቀማ በፊት ቢያንስ የ4 ወር ጊዜ ሊያገኝ ይገባል። በደንብ ተብላልቶ የእበትነት ጠረኑ የጠፋ ፍግ ይሻላል።

ወደ ነጩ ሻጋታ ስንመለስ፣ እንጆሪም ዱባም ነጭ ሻጋታ ይይዛቸዋል፤ ነገር ግን ፈንገሱ አንድ አይደለም። በእንጆሪ ላይ የሚወጣው ፖዶስፌራ አፋኒስ የሚባለው ሲሆን፣ ዱባን የሚያጠቃው የዚሁ ወገን የሆነው ፖዶስፌራ ዛንቲ ነው። እነዚህ ፈንገሶች የሚኖሩበትን ተክል የሚመርጡ ስለሆኑ፣ ከዱባዎ ቅጠል የተነሣው ዱቄት እንጆሪው ላይ ቢያርፍ አያበቅልም። ሊያሳስብዎት የሚገባው ቀደም ሲል የተጠቀሰው ግራጫ ሻጋታ፣ ቦትራይቲስ ነው፤ እርሱ ተክል አይመርጥም። የጠወለገ የዱባ አበባ እርጥበት ካገኘ ጥሩ መራቢያው ስለሚሆን፣ በእንጆሪው ላይ ወይም አጠገብ የረገፈ አበባ እየተለቀመ ከጓሮው ይውጣ። መደቡን በስንዴ ወይም በገብስ ገለባ መሸፈንም ፍሬውን ከእርጥብ አፈር ይለየዋል።

የተክል ጭማቂ የሚመጠው ትንሹ ተባይ፣ ክሽክሽ፣ ሁለቱንም ይወዳል። የዱባውን ለጋ ጫፍ በየጊዜው ከሥሩ እየገለበጡ ይዩ፤ በጊዜ ከተገኘ በሳሙና ውሃ ይለቃል። እግረ መንገዴን፣ ብዙ ሰው ዱባን ሲፈራ ድንችን ይረሳል። እንጆሪን ድንች፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም በርበሬ በነበረበት መሬት ላይ መትከል ከዱባው ጉርብትና ይልቅ ያሰጋል። ቬርቲሲሊየም የሚባለው አጠውላጊ ፈንገስ በእነዚህ ተክሎች ላይ ይራባል፣ አፈር ውስጥም ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። የዱባ ቤተ ሰብም ከዚህ ፈንገስ ፈጽሞ ነፃ አይደለም፤ ስለዚህ እንጆሪው ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ሲያረጅና ሲነሣ፣ አዲሱን ችግኝ ሌላ ቦታ ቢያዛውሩት መልካም ነው።


የጢጣ ንብ አናቢ፦

ስለ አበባው ማንም ስላላነሣ አንድ ነገር ልጨምር። የዱባ ወንዴና ሴቴ አበባ በአንድ ሐረግ ላይ ይሁን እንጂ ለየብቻ ነው የሚወጣው፤ ሴቴዋን ከሥሯ ባለችው ትንሽ ጉብታ ያውቋታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚፈነዱት አብዛኛውን ጊዜ ወንዴዎቹ ስለሆኑ፣ ቢረግፉ አትደንግጡ። አበባዋ በማለዳ ተከፍታ ቀትር ሳይደርስ ትዘጋለች። ደሴ ላይ ክረምት ማለዳው ጉምና ካፊያ ስለሆነ ንብ ከቀፎዋ አትወጣም፤ ፍሬ ጀምሮ የሚቀጭጨው አብዛኛው ዱባ በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ባለው ጧት አንድ ወንዴ አበባ ቆርጣችሁ፣ ቅጠሎቹን ልጣችሁ፣ መሐል ያለውን ቢጫ ብናኝ በሴቴዋ እምብርት ላይ ብታሹት ፍሬው ይይዛል።

እንጆሪ አበባው ወንዴና ሴቴን አንድ ላይ የያዘ ስለሆነ ያለ ንብም ያፈራል፤ ንብ በደንብ ካልዞረችው ግን ፍሬው ጎባጣና ጎዶሎ ይሆናል። ዱባውና እንጆሪው እርስ በርስ ይዳቀላሉ ብሎ የሚሰጋ ካለ ደግሞ፣ በዘር እጅግ የተራራቁ ስለሆኑ ይህ አይሆንም። ንብ ለሁለቱም ስለምታስፈልግ፣ አበባ ላይ እያሉ የተባይ መድኃኒት አትርጩ፤ የግድ ከሆነም ንብ ከገባች በኋላ ማታ ይሁን።


የሆጤ ጓሮ (ጠያቂ)፦

አመዱ ቆሟል፤ አማቴም “ለዱባው ይበቃል ካሉ ይበቃል” ብለዋል። ለመጨረሻ ጊዜ ስለ ውሃው ልጠይቅ። የቧንቧው ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የምናጠጣው በጀሪካን ነው። በበጋው ለስድስት ካሬ ሜትር እንጆሪ ስንት ይበቃል? ዱባው አጥሩ ሥር ሲገባስ ምን ያህል ይጨመር?


የሳላይሽ አትክልተኛ፦

ዝናብ በሌለበት ሳምንት ለአንድ ካሬ ሜትር እንጆሪ 25 ሊትር ያህል ቢያስቡ፣ ለስድስቱ 150 ሊትር፣ ማለትም በባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሰባት ተኩል ይሆናል። ይህን በአንድ ጊዜ ከማፍሰስ ይልቅ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይከፋፍሉት፤ ሥሩ አጭር ስለሆነ ጠልቆ የወረደውን ውሃ አያገኘውም። ገለባው ከተነጠፈ ትነቱ ስለሚቀንስ ከዚህ ማሳነስ ይቻላል፤ ጣትዎን በአፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገብተው እርጥበት ካገኙ፣ ያን ቀን ማጠጣቱን ይዝለሉት። ለዱባው በልግና ክረምት አብዛኛውን ይሸፍኑልዎታል፤ በልጉ ከተቋረጠ ለአንድ ሥር በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጀሪካን ይበቃል። ለሁለቱም በጧት፣ ከሥር ብቻ ይጠጣ፤ ቅጠል ላይ አይፍሰስ። የዱባው ቅጠል ቀትር ላይ ቢጠወልግ ማታ ቀና የሚል ከሆነ የውሃ ጥም አይደለምና፣ የእንጆሪውን ድርሻ ወስደው አይስጡት።